የአካል ባለቤትነት ስሜት ምንድን ነው?

እጃችንን ባየን ቁጥር «ይህ የማን ነው?» ብለን አንጠይቅም። የኛ እንደሆነ ሳናስብ እናውቀዋለን። የአካል ባለቤትነት ስሜት የሚባለው ይህ ነው። ከሥጋችን ጋር አብሮ የተሰፋ ቢመስልም፣ አንጎል ዓይን ያየውን ቆዳና ጡንቻ ከነገሩት ጋር እያስተያየ በየቅጽበቱ የሚደርስበት ድምዳሜ ነው፤ ስለዚህ ይታለላል።

ተመራማሪዎቹ ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን በላስቲክ እጅ አሳይተዋል። ሐዋሳ ቤትዎ ሆነውም መሞከር ይችላሉ። ከሰፈር ሱቅ የላስቲክ ጓንት ገዝተው ጥጥ ይጠቅጥቁበት። ጓንቱ የሚሞከርበት ሰው የራሱ እጅ በሚያርፍበት አቅጣጫ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። እውነተኛው እጅ ከጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከካርቶን ጀርባ ይደበቅ፤ ከትከሻ እስከ ጓንቱ ያለውን ክፍተት በነጠላ ይሸፍኑት። ከዚያ በሁለት የቀለም ብሩሽ ሁለቱንም እጆች እኩል፣ ያንኑ ጣት በዚያው አቅጣጫ በዝግታ ይዳብሱ። ብዙዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ንክኪው ጓንቱ ላይ ይሰማቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው የተደበቀውን እጅ በሌላው እጃቸው ሲጠቁሙ ወደ ጓንቱ ያደላሉ።

የሚከሽፈው በአብዛኛው በጊዜ ነው፤ አንዱ ብሩሽ ከሌላው ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ስሜቱ ይደክማል። ጓንቱ ጣቶቹን ወደ ሰውዬው ካዞረ፣ ለግራ እጅ የቀኝ ጓንት ከተደረገ ወይም በጓንት ፈንታ ቁራጭ እንጨት ከቀረበም እንዲሁ። ስሜቱ ጨርሶ የማይመጣላቸው ሰዎችም አሉ።

የቪአር መነጽር (ዓይን ላይ ተደርጎ ምናባዊ ዓለም የሚያሳየው) የሚሠራው በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ነው። እጅዎን ሲያነሱ የምስሉ እጅ አብሮ ከተነሳ፣ አንጎል የራሱ አድርጎ ይቀበለዋል። ጭንቅላት ዞሮ ምስሉ እስኪከተል ያለው መዘግየት ከ20 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ማቅለሽለሽ የሚመጣው ግን በመዘግየት ብቻ አይደለም፦ ዓይን «እየሮጥኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቁጭ ብያለሁ» ይላል። በጋራ መነጽር የሚጫወቱ ሰዎች ደግሞ የሌንሶቹን ርቀት ለየራሳቸው ማስተካከል አለባቸው። የአዋቂ ሰው የዓይን ብሌኖች ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ካልገጠመ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ራስም ያማል።

«ምናባዊው እኔ ከሥጋዬ የተለየ ነው» የሚሉ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ በጆሮ፣ በጡንቻና በቆዳ በኩል እንደሚያልፍ ይዘነጉታል። የምናቡ አካልም በተራው ጠባያችንን ይነካል፦ ተመራማሪዎቹ ኒክ ዪና ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ፣ በምናባዊው ዓለም አብሯቸው ካለው ሰው በ10 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ገጸ ባሕርይ የተሰጣቸው ሰዎች በምናብ የቀረበ 100 ዶላር ሲካፈሉ፣ ረጅም ከተሰጣቸው ይልቅ ለራሳቸው 25 ብቻ የሚያደርሰውን ክፍፍል በቀላሉ ተቀብለዋል።