በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ነው። አጠገቡ ያለውን ወዳጅ ችላ ብሎ ለሩቁ የሚንሰፈሰፍ ሲታይ ይተረትበታል። እኔ ግን ከሰውም ይልቅ ለቦታ የሚስማማ ይመስለኛል፤ እኛ በየቀኑ ሳናያቸው ለምናልፋቸው፣ ሌላው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አፉን ከፍቶ ለሚያያቸው ሐውልቶችና ሕንጻዎች።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። "ከመዳብ ይቆጠራል" ሲል "ከመዳብ ያንሳል" ማለቱ አይደለም። "ከሰው አልቆጠረኝም"፣ "ከቁም ነገር አልቆጠረውም" እንደምንለው ነው፤ ወርቁ ከመዳቡ ጎራ ተመድቦ አብሮ ይቆጠራል። "እንደ መዳብ ይቆጠራል" የሚሉም አሉ፤ ፍቺው ያው ነው።

የአባባሉ መነሻ ግን ያለው በሁለቱ ማዕድናት ውስጥ ነው። ለምን ብረት ወይም እርሳስ አልተባለም? አብዛኞቹ ብረታ ብረቶች ነጣ ወይም ግራጫ ይላሉ። ወርቅና መዳብ ሞቅ ያለ ቀለም ስላላቸው ዓይን ሊያምታታቸው ይችላል። እጅን ግን አያታልሉትም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል መዳብ 9 ግራም እንኳ አይሞላም። አባባሉ "በዓይን ያዩት" ሳይል "በእጅ የያዙት" ማለቱ የሚያስደንቀኝ ለዚህ ነው። ልዩነቱን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እጅ ነው የተዘናጋው! አዲስ ቀለበት ያጠለቀ ሰው የመጀመሪያ ቀን ጣቱን ደጋግሞ ይነካካል፤ ሰንበት ሲል መኖሩንም ይረሳዋል። ቀለበቱ አልቀለለም፤ ጣቱ ለመደው እንጂ።

ሮም ውስጥ ያለው ጥንታዊ የትርዒት ስታዲየም፣ ኮሎሲየም፣ ግድግዳው በቀዳዳ የተበሳሳ ነው። ድንጋዮቹን እርስ በርስ ያያዙ የነበሩትን የብረት ማሰሪያዎች ሰዎች በመካከለኛው ዘመን ፈልቅቀው ሲወስዱ የቀረ ጠባሳ ነው። ድንጋዩም ለዘመናት እየተነቀለ ለሌላ ሕንጻ መሥሪያ ውሏል። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚጎርፍለት ሥራ፣ ለእነዚያ ሰዎች ለእጅ የቀረበ የብረትና የድንጋይ ክምር ነበር። ልፈርድባቸው አልደፍርም፤ ቤት መሥራት ነበረባቸው፣ ድንጋዩም ደጃቸው ነበር።

በሌላ በኩል የእንግዳን ዓይን ከልክ በላይ ማወደስም አልወድም። አሜሪካዊው አሳሽ ሂራም ቢንግሃም በ1911 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ፔሩ ውስጥ ካለው የጥንት ኢንካዎች ከተማ ፍርስራሽ፣ ከማቹ ፒቹ፣ ሲደርስ፣ ገበሬዎች በጥንታውያኑ እርከኖች ላይ እያረሱ ይኖሩ ነበር። ፍርስራሹንም እየመራ ያሳየው የአካባቢው ልጅ ነው። ስለዚህ "አገኘው" ሲባል ቅር ይለኛል፤ ያልጠፋ ነገር አይገኝም። እርከኑ የቱ ጋ ውኃ እንደሚያቁር፣ የቱ ጋ በቆሎ እንደሚያበቅል ገበሬው ያውቃል። እንግዳው የሚያመጣው ጥያቄ ነው፦ ይህን ማን ሠራው? ለምን እዚህ? በየቀኑ የሚያርስበት ሰው ይህን ለመጠየቅ ቆም የሚልበት ምክንያት የለውም።

እንግዳ ዓይኑ ከእኛ ስለበለጠ አይደለም የሚያየው። ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው። እርሱ ከነገ ወዲያ ይሄዳል፤ እኛ "ምን ያስቸኩላል፣ ሁልጊዜ አለ" እንላለን። ያ "ሁልጊዜ አለ" የሚለው ቃል ነው ወርቁን መዳብ የሚያደርገው።

እኔም በዓመታት ውስጥ ስንቴ እንዳለፍኩት በማላውቀው አንድ ሐውልት ሥር እንግዳ ይዤ ሳልፍ፣ እንግዳዬ ቆም ብላ "በግራ እጁ የያዘው ምንድን ነው?" አለችኝ። እጁ ባዶ ነው ልላት ምንም አልቀረኝም። ቀና ብዬ አየሁ። የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል፤ ጫፉ ተሸርፏል፤ አውራ ጣቱ ከማኅተሙ ላይ አርፏል። ጠራቢው ለጥፍሩ እንኳ ሳይቀር ተጠቧል። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን።

በማግስቱ ሸኘኋት። ስመለስ መንገዴን አዙሬ በሐውልቱ ጀርባ በኩል ሄድኩ። ከካባው እጥፋት ሥር፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ የጠራቢው ስም ተቀርጾ አገኘሁ።