ነጻ ውርወራ ላይ ቀድሞ የገባው ማነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ቅርጫት ኳስ እያየን ነበር። ልጁ ነጻ ውርወራ፣ ማለትም በጥፋት የተሰጠውንና ማንም የማይከለክለውን ውርወራ ሳተ። ዳኛው ፊሽካ ነፋና ኳሷን መልሶ ሰጠው። «ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለ አጠገቤ የቆመው። የተከላካዩን እግር አላየውማ፤ አንድ እርምጃ ቀድሞ ገብቷል።

በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ከወርዋሪው ሌላ ግራና ቀኝ የሚሰለፉት ቢበዛ 5 ናቸው፤ 3 ተከላካይ፣ 2 አጥቂ። ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሳትወጣ ቅርጫቱ ሥር ወዳለው ክልል መግባት አይችሉም። ወርዋሪው ደግሞ ኳሷ ሪንጉን እስክትነካ ወይም እስክትገባ የሚወረውርበትን መስመር አያልፍም።

ሰው የሚምታታበት ቅጣቱ ላይ ነው። ኳሷ ከገባች የተሰላፊዎቹ ጥፋት ይታለፋል፣ ነጥቡ ይቆጠራል። ያጠፋው ወርዋሪው ከሆነ ግን ብትገባም ነጥብ የለም። ለመወርወር ቃጥቶ ሆን ብሎ ቢተወውም ያው ጥፋት ነው፤ ይቺን ብልጠት የሰፈር ልጆች ይወዷታል።

ከሳተስ? የቀደመው ተከላካይ ከሆነ ውርወራው ይደገማል። የቅዳሜው ይኼ ነው። በመጨረሻው ውርወራ ላይ የወርዋሪው ቡድን ካጠፋ ኳሷ ለተከላካዮቹ ትሰጣለች። ሁለቱም ቡድኖች ከቀደሙ፣ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ የኳስ ተራ የሚያሳየው ቀስት ለጠቆመው ቡድን ትሰጣለች።