የሽግግር ዕቅድ ምንድን ነው?

አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ «እኛ ስናልፍ ማን ያየዋል?» የሽግግር ዕቅድ ይህን ጥያቄ ልጁ ገና ጎረምሳ ሳለ መመለስ መጀመር ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ ምን ይሠራል? ከማን ጋር ይኖራል? ገንዘቡን እንዴት ይይዛል? ቤተሰብና መምህር ከራሱ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ይመክሩና የተስማሙበትን ይጽፋሉ። በአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ተማሪ 16 ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤቱ ይህን ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ሕግ ያስገድዳል።

ለእኛ ለጎጃሞች ነገሩ እንግዳ አይመስለኝም። ዓይነ ስውር ልጅ ከቤቱ ወጥቶ፣ በቃሉ አጥንቶ፣ ኋላ የኔታ ተብሎ ወንበር ሲዘረጋ ያየን ሰዎች ነን። ያ የቅኔ ተማሪ መወድስ የሚባለው ረጅሙ ቅኔ ላይ በአንድ ቀን አልደረሰም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባላት ጉባኤ ቃና ጀመረ፣ ባለሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ ቀጠለ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ሞላ። የሽግግር ዕቅድም አካሄዱ ይኸው ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት የ15 ዓመት ልጅ አለች እንበል። ሕልሟ ጀበና ቡና መሸጥ ነው። መጀመሪያ ስኒ ማጠብ ብቻ ትልመድ። ሲዋጣላት መቁላት፣ ቀጥሎ ማፍላት። ከዚያ ሱቅ ትላክ፣ መልሷን ቆጥራ ትምጣ። ብትሳሳትስ? ነገም ትላክ። እኛ ግን «አትድከሚ ልጄ፣ ቁጭ በይ» እንላታለን። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ እያልን 20 ዓመት ይሞላታል፤ እሳት ማያያዝ እንኳ አታውቅም።

ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ሰውነቷ የራሷ መሆኑን፣ የማትፈልገውን ሰው እምቢ ማለትን አብራ ትማር። ይህ ለነገ አይባልም።

ተቀጥሮ መሥራት የሚፈልግ ልጅ መብቱን አስቀድሞ ይወቅ። በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት አሠሪ የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው ምቹ የማድረግ ኃላፊነት አለበት።

ብዙ ቤት የሚዘለለው ግን ልጁን ራሱን መጠየቅ ነው። አባት ልብስ ስፌት ይመርጥለታል፤ እሱ ልቡ ያለው ከብት ርባታ ላይ ነው። መስማት የተሳነው ከሆነ ጥያቄው በምልክት ቋንቋ ይቅረብለት። ለዚህም ቢያንስ ከቤቱ አንድ ሰው ምልክቱን ይማርለት።