ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀቱና የበረራው ሰዓት

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ያለው የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደለስ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ከተማ በስተምዕራብ ነው፤ ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር ስለሚምታታ ቲኬት ሲቆረጥ አስተውሎ ማንበብ ይበጃል። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ተነስቶ ልጆቹን ለመጠየቅ አሜሪካ የሚሄድ ብዙ ሰው የሚይዘው ይህንን መስመር ነው።

ርቀቱ የሚለካው በሉሉ ላይ ስለሆነ መስመሩ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳና በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ይህ እንግዲህ የወረቀቱ መንገድ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ተዘግቶ አውሮፕላኖች ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነባቸው።

የበረራው ሰዓት ሲሄዱና ሲመለሱ አንድ አይደለም። ከደለስ ወደ ቦሌ ሳያርፉ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲሄዱ ግን አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ያርፍ ነበር፤ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ በየጊዜው ለዚህ አገልግለዋል። ያን ጊዜ ጉዞው 16 ወይም 17 ሰዓት ይሆናል። አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ተመላሹን ይገፋል፣ ሂያጁን ይጋፋል። ዋናው ግን የቦሌ ከፍታ ይመስለኛል፦ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ታንኩንም ወንበሩንም ሞልቶ መነሳት አይቻልም። ጭነት የያዘ አይሱዙ ጣርማበርን ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግማሹ የዳገቱ፣ ግማሹ የአየሩ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የሆነውም በከንቱ አይደለም።

ሰው የሚሳሳተው ግን ሰዓት ሲቆጥር ነው። ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ በዚያ ላይ ቲኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በጥር ወር ከደለስ 11:00፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 5 ሰዓት የተነሳ አውሮፕላን 13 ሰዓት በርሮ ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ተቀባይ ቀኑን ካላስተካከለ አንድ ቀን ቀድሞ ቦሌ ይገተራል።

ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ሰው የመኪናው መንገድም አብሮ ይቆጠራል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሸኖና በሰንዳፋ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ለገጣፎ ላይ መጨናነቅ ካለ ከዚያም ይበልጣል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ያንኑ ርቀት 9 ደቂቃ ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘትም አለ፤ የማታ በረራ ያለው ሰው ጠዋት ቢነሳ ቸኮለ አይባልም። ሻንጣውማ ከዋዜማው ጀምሮ ይታሰራል፦ በርበሬው፣ ሽሮው፣ የመንዝ ገብስ በሶው አንድ በአንድ በእጅ ሚዛን እየተንጠለጠለ ይመዘናል፤ 23 ኪሎ ካለፈ መጀመሪያ የሚወጣው በሶው ነው፤ እናት ዞር ስትል ግን ተመልሶ ይገባል።