«ፋይን» ደህና ማለት ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አስተናጋጆች፣ ባጃጅ ነጂዎችና የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሐረር ወጥቼ ጀጎልን የሚያስጎበኙ ልጆችን አስጠናለሁ። አዲስ ክፍል በጀመርኩ ቁጥር «ፋይን ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ደህና!» ይላሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ከልጅነታችን ጀምሮ ከዴስካችን ብድግ እያልን «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር» ስንል ስላደግን አልፈርድባቸውም። የሚያበሳጨኝ ከዚያ ወዲያ ስለ ቃሉ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው። «እሱንማ እናውቀዋለን» ይላሉ። አያውቁትም። ሥራ ላይ ሲሳሳቱበት በዓይኔ አይቻለሁ።

«አይ አም ፋይን ሲሉ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው።»

ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህን ብቻ ከሰው አእምሮ ባወጣ ይበቃኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አጠገብ ጀበና ቡና ልጠጣ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ፈረንጅ ሴትዮ አሉ። ሁለት ሲኒ ጠጥተዋል። የምታፈላው ልጅ ጀበናዋን ይዛ መጣችና «ሞር ኮፊ?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «አይ አም ፋይን» አሉ። ልጅቷ ደስ ብሏት «ሚ ቱ!» አለችና መቅዳት ጀመረች። ሴትዮዋ ሲኒውን በመዳፋቸው ሊከድኑ ሲሉ ትኩሱ ቡና ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ በድንጋጤ ጀበናዋን የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት። እኔ ግን በልጅቷ አልፈረድኩም። ያስተማራት ሰው የቃሉን ግማሽ ብቻ ነው የሰጣት።

አንድ ነገር ስታቀርቡለት «አይ አም ፋይን» የሚል ሰው ስለ ጤንነቱ እያወራ አይደለም። «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» እያላችሁ ነው። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ጥያቄያችሁ ነው። «ሃው አር ዩ?» ብላችሁ ከሆነ መልሱ ደህና ነኝ ነው። «ልጨምርልዎት?»፣ «ሻንጣዎን ልያዝልዎት?»፣ «ላግዝዎት?» ብላችሁ ከሆነ ግን መልሱ አይ ነው።

እኛ ጋ ነገሩን የሚያባብስ ሌላም ጉዳይ አለ። በእኛ ባህል እንግዳ «በቃኝ» ቢልም አናምነውም። ይሉኝታ ይዞት ነው እንላለን። «በሞቴ» ብለን እንጨምርለታለን፣ እሱም ይጠጣል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ሳይደግም መሄድ ያስቀይማል። ስለዚህ አስተናጋጁ «ፋይን» እምቢታ መሆኑን ቢረዳ እንኳ እምቢታውን የምር አያደርገውም። የፈረንጁ «አይ አም ፋይን» ግን ብዙውን ጊዜ የምር ነው። ቅርጫት የምትሸጡ፣ ሽርጥ የምትሸጡ እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ስሙኝ። ሰውየው «አይ አም ፋይን» ካለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ራሴ ልይ ማለቱ ነው። ፋታ ስትሰጡት ተረጋግቶ ያያል፤ ስትከተሉት ግን ሳይገዛ ይወጣል።

«ኢት ዎዝ ፋይን ካሉን ወደውታል ማለት ነው።»

ይህኛውን ስናገር ሰው ስለሚያዝን ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይሻላል። ጀጎል ውስጥ እንግዳ በሚያሳድር «ጌ ጋር» (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ቁርስ የምትሠራ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የእንግዶች መዝገብ ላይ «ቁርሱ ፋይን ነበር» ተብሎ የተጻፈበትን ገጽ በስልኳ አንስታ ክፍል ውስጥ አሳየችን። ሁሉም አጨበጨበላት። ከትምህርት በኋላ ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። እንዲህ ሲባል «ምንም አይልም» እንደማለት ነው። አልከፋም፣ አልጣመም። ሻዩ ቀዝቅዞ ይሆናል፣ እንቁላሉ ደርቆ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ሊያስቀይማት አልፈለገም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት እንግዶችን ምን ቢስተካከል ይሻል እንደነበር ጠየቀቻቸው። ሁለቱም ሻዩ ነው አሏት።

እዚህ ላይ ቦታው ወሳኝ ነው። ያው ቃል ከስም ፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ትልቅ ምስጋና ይሆናል። «ኤ ፋይን ሆቴል» ደረጃው ከፍ ያለ፣ ምርጥ ሆቴል ነው። «ዘ ሆቴል ኢዝ ፋይን» ደግሞ «ለማደሪያ ይሆናል» ነው። የቃሉ ቦታ በመቀየሩ ብቻ ሆቴሉ ብዙ ደረጃ ይወርዳል።

«ቅጣት የሚለው ፋይን ሌላ ቃል ነው፤ በአጋጣሚ ተመሳስለው ነው።»

የሁለቱም ሥር አንድ ነው። «ፊኒስ» የሚል የላቲን ቃል ነው፣ ትርጉሙም መጨረሻ ማለት ነው። «ፊኒሽ»ም «ፋይናል»ም ከዚያው ቤት ናቸው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ድሬዳዋ ለዚህ ሩቅ አይደለችም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በፈረንጆች 1902 እዚህ ሲደርስ ፈረንሳይኛንም ይዞ ነው የመጣው። ጎረቤታችን የነበሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ ፊልም ሲያልቅ «ፋን» ብለው ይነሡ ነበር። የፈረንሳይኛው «ፋን» መጨረሻ ማለትም ነው፣ ቀጭን ማለትም ነው።

ታዲያ መጨረሻ እንዴት ቅጣት ሆነ? ጥንት ገንዘቡ የሚከፈለው ክርክሩን ለመጨረስ ነበር። ሽማግሌ ፊት ካሳ ተከፍሎ ነገር እንደሚያልቀው ማለት ነው። መጨረሻ እንዴት ጥሩ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ደግሞ ወደ ራሳችን አማርኛ እመልሳችኋለሁ። ድንቅ ሥራ ስናይ «ያለቀለት» እንል የለ? «ያለቀላት ቆንጆ» እንል የለ? የጨረሱት፣ እስከ ጫፍ ያደረሱት ነገር ጥሩ ነው። እንግሊዝኛውም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ሳስረዳ ተማሪዎቼ ፊታቸው ሲበራ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን አይረሱትም።

ባጃጅ ነጂዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። «ዩ ዊል ቢ ፋይን» ማለት «ምንም አትሆንም» ነው። «ዩ ዊል ቢ ፋይንድ» ደግሞ «ትቀጣለህ» ነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ድ» በደንብ ስሟት። ደግሞ «ማግኘት» ከሚለው «ፋይንድ» ጋር ሲነገር አንድ ነው፤ በጆሮ አይለይም፣ ከሐሳቡ ነው የሚለየው።

«ፋይን ግራይንድ ማለት ጥሩ አድርጎ መፍጨት ነው።»

ጥሩ ሳይሆን አልሞ፣ አድቅቆ መፍጨት ነው። አንድ ካፌ ማሽን ላይ የሚሠራ ተማሪዬ አዲስ የቡና መፍጫ መጣላቸው። መቆጣጠሪያው ላይ በአንድ በኩል «ፋይን»፣ በሌላው በኩል «ኮርስ» (ሸካራ) ተጽፏል። ጥሩ ቡና ይውጣልን ብሎ እስከ መጨረሻው ወደ «ፋይን» አዞረው። ቡናው በጣም ስለላመ ውኃው አላልፍ አለው። ማሽኑ ጠብ ጠብ እያደረገ ያወጣው ቡና ጥቁርና መራራ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ደንበኛ ሲመልስበት ቡናውን ሲወቅስ ከረመ። እኔ ሄጄ ቃሉን ሳነብለት «ደህና ማለት አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ደቃቅ፣ ስስ፣ ቀጭን፣ የላመ፤ ይህ ሁሉ «ፋይን» ነው። አሸዋም፣ ክርም፣ ካፊያም «ፋይን» ይባላል። ውል ላይ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውም «ፋይን ፕሪንት» ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ቀጭን ነገር የተከበረ ነገር መሆኑም ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ቀጭን ፈታይ» የምንላትን ሴት አስቡ። «ቀጭን እመቤት» ስንልስ ስለ ክብደቷ ነው እንዴ የምናወራው?

የወርቅ ሰዎች ደግሞ «ፋይን ወርቅ» የሚሉት የነጠረውን፣ 24 ካራቱን ነው። 18 ካራት ከ1000 እጅ 750ው ብቻ ወርቅ ስለሆነ «ፋይን ወርቅ» አይባልም።

«ፋይን ካለ ተስማምቷል።» ድምፁን ስሙ። ረጋ ብሎ «ዛትስ ፋይን» ካለ ችግር የለም ማለቱ ነው። አጭር አድርጎ «ፋይን!» ብሎ ፊቱን ካዞረ ግን ተቀይሟል፤ የእኛ «እሺ በቃ፣ እንዳልክ!» ነው።

በቅርቡ ደግሞ ቲክቶክ ላይ «አይ አም ፋይን አትበሉ፣ ፈረንጆች ትተውታል» የሚሉ መምህራን በዝተዋል። ተማሪዎቼ ይህን ሰምተው እየመጡ ያፍራሉ። አትፈሩ፣ ሐሰት ነው። ዛሬም ሎንዶንም ኒውዮርክም ይባላል። «አይ አም ጉድ»ም፣ «ግሬት»ም ማለት ትችላላችሁ፣ ግዴታ ግን አይደለም። «ፋይን» ብላችሁ ስትመልሱ ፈገግ በሉ፣ ከዚያ «ኤንድ ዩ?» ብላችሁ እናንተም ጠይቁ። ድምፃችሁ ከቀዘቀዘ ሰውየው የሆነ ነገር የከፋችሁ ይመስለዋል።