ሰንጢ የያዘ ሁሉ ዱርዬ አይደለም፦ ስለ ኪስ ሰንጢ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ለመክፈት ከኪሴ ሰንጢ አወጣሁ። ስለቱ ከሌባ ጣቴ አይበልጥም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ቦርሳቸውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ካርቶኑን ከፍቼ፣ ሰንጢውን አጥፌ ኪሴ ስከተው ነው ማኪያቷቸውን መልሰው ያነሱት።

ይሄን ለምጄዋለሁ። የምሰበስበው የድሮውን ዓይነት ነው፤ በሞላ ብቻ የሚያዝ፣ ቁልፍ (ሲከፈት ስለቱን የሚቆልፍ ነገር) የሌለው፣ እጀታው ቀንድ ወይም አጥንት ወይም እንጨት የሆነ ተጣፊ ሰንጢ። ሰው ባየው ቁጥር የሚነግረኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ልመልስ።

«ሰንጢ የሚይዝ ዱርዬ ነው»

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ሰንጢ» የሚለውን ቃል ልጅ ሆነን የምንሰማው ጠብ ሲነሳ ነበር። «ሰንጢ መዘዘ» ከተባለ ሰፈሩ ይበተናል።

ግን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። ስለቱ በአንዲት ሚስማር ላይ ይዞራል። በእጀታው ጀርባ በኩል ጠፍጣፋ ሞላ አለ። ስለቱ ሲከፈትም ሲታጠፍም ሞላው ተረከዙን (ሚስማሩ ጋ ያለውን ሥሩን) ይጫነዋል። በቃ፤ የያዘው ይሄ ግፊት ብቻ ነው። በጫፉ አንድ ነገር ብትወጉበት ታጥፎ የሚመጣው የራሳችሁ ጣት ላይ ነው። ለጠብ ከዚህ የማይሆን ዕቃ የለም።

እንግሊዝ አገር የቢላ ሕጉ ጥብቅ ነው። እዚያ እንኳ ስለቱ ከ3 ኢንች (7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ያልበለጠ፣ የማይቆለፍ ተጣፊ ሰንጢ ኪስ ውስጥ ለመያዝ ምክንያት አይጠየቅም። ያው ሰንጢ ቁልፍ ካለው ግን ይጠየቃል። ሕጉ የእነሱ ነው፣ እዚህ አራት ኪሎ በር ላይ ብትጠቅሱት የሚሰማችሁ የለም። ግን ሕግ አውጪዎቹ ልዩነቱን አይተውታል።

«ቁልፍ ከሌለው ባለቤቱን ይቆርጣል»

ቅድም ለሌላው ሰው አደጋ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለእኔ ታዘኑ ጀመር!

ብርቱካን ስትልጡ ወይም ገመድ ስትቆርጡ ኃይሉ ያለው ስለቱ ላይ ነው። ያ ኃይል ሰንጢውን ይበልጥ ወደ መከፈት ነው የሚገፋው እንጂ ወደ መታጠፍ አይደለም። የሚታጠፈው በጀርባው ስትጫኑት፣ በጫፉ ስትወጉ፣ ወይም እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ ወዲያ ወዲህ ስትነቀንቁት ነው። እነዚህን ካላደረጋችሁ ሞላው ሥራውን ይሠራል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሲታጠፉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ያቺ ቅጽበት ጣት ለማሸሽ ትበቃለች።

ኦፒኔል የተባለው የፈረንሳይ ተጣፊ ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1890 ሲጀመር ቁልፍ ቀርቶ ሞላም አልነበረውም፤ ስለቱን የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ነበር። ዛሬ የምናውቀው፣ ስለቱን የሚቆልፈው የሚዞር ቀለበት የመጣው በ1955 ነው። በነዚያ 65 ዓመታት የገበሬው ጣት አላለቀም።

እኔ ክፉኛ የተቆረጥኩት አንዴ ነው። እሱም ወሬ እያወራሁ ሳጥፈው። ጣት በስለቱ መንገድ ላይ መኖር የለበትም፤ እጀታውን ከጎንና ከጎን ይዞ በሌላኛው እጅ መዳፍ የስለቱን ጀርባ መግፋት ነው። አሮጌ ሰንጢ ስትገዙ ደግሞ ከፍታችሁ አድምጡት። ጥሩ ሞላ «ቀጭ» ይላል። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ፣ ወይም ስለቱ ወደ ጎን ከተወዛወዘ፣ ሻጩ ስለ ቀንዱ ውበት የፈለገውን ያውራ፤ ተዉት።

«ጠቁሯል፣ በቃ ዝጓል»

ይሄኛው ያንገበግበኛል።

የድሮ ሰንጢዎች ብዙዎቹ የሚዝግ ብረት ናቸው። እስታንለስ አይደሉም። አዲሱ እንደ መስታወት ያበራል። አንድ ከሰዓት ብርቱካን ላጡበት፣ ሳትጠርጉ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ጭማቂው የነካው ቦታ መጀመሪያ ወርቅማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ መጨረሻ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ይሆናል። የእያንዳንዱ ጠብታ ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። ከወራት በኋላ ሽንኩርቱ፣ ሎሚው፣ ማንጎው ተደራርቦ ስለቱ የዝናብ ደመና ይመስላል። ያ ዝገት አይደለም። ብረቱ ከአሲዱ ጋር ተገናኝቶ የሠራው ስስ ልባስ ነው፤ እንዲያውም ቀዩን ዝገት በመጠኑ ያዘገየዋል።

መለየት ከፈለጋችሁ በነጭ ሶፍት እሹት። ቡናማ ቀለም ከለቀቀ ዝገት ነው፣ ቶሎ ይጽዳ። ካልለቀቀ ተዉት።

እህቴ ይሄን አላወቀችም። አዝናልኝ አንዱን ሰንጢዬን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጋ፣ አብለጭልጫ፣ ፈገግ ብላ ሰጠችኝ። የ3 ዓመት ቀለም በ5 ደቂቃ ሄደ። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ከተጠቀማችሁ በኋላ ማድረቅ፣ አልፎ አልፎ ሚስማሩ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ በቂ ነው። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም። ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆናል።

«ዶልዱም ይሻላል፣ ስል ይቆርጣል»

ሥጋ ቤት ቁርጥ የሚበላ ሰው ይሄን አይልም። ዶልዱም ቢላ ከቀረበለት «ኧረ ቀይርልኝ» ነው። ዶልዱም ስለት ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ ቢላ ሲያመልጥ ደግሞ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ለመሳል የግድ ሞራጅ ፍለጋ መሄድ የለባችሁም። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ድንጋይ ስስ ስለትን አግሎ ጥንካሬውን ይገድላል፣ ብረቱንም ይበላል። ትንሽ ለደነዘ ሰንጢ ሲኒ ይበቃል። ሲኒውን ግልብጥ አድርጉት። ከታች፣ ቀለሙ ያልነካው ሻካራ ክብ አለ። ስለቱን ጋደል አድርጋችሁ፣ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ፣ እዚያ ላይ ጎተት ጎተት። በአንዱ ጎን አሥር፣ በሌላው አሥር። ከዚያ ሲኒውን እጠቡት፤ እናቴ ሳታይ።

«ላጊዮል ነው፣ ኦሪጅናል ነው!»

ላጊዮል የፈረንሳይ መንደር ስም ነው፤ የሰንጢ ቅርጽም ስም ሆኗል። የአንድ ፋብሪካ ምልክት አይደለም። ስሙና ጀርባው ላይ ያለችው ንብ ርካሽ ቅጂ ላይም አሉ። እጀታና ስለቱ ሳይፋፋቁ የሚታጠፍ መሆኑን፣ ሞላውና እጀታው የተጋጠሙበት ክፍተት የሌለው መሆኑን እዩ። ቀዩ የስዊስ ሰንጢም እንደዚሁ፤ ቀይ ሁሉ ስዊስ አይደለም። በነገራችን ላይ የስዊስ ሰንጢ ሠሪው ቪክቶሪኖክስ የተለመደው፣ ሲታጠፍ 91 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ሰንጢ ዋናው ስለቱ አይቆለፍም። ብዙ ሰው ሳያውቀው የእኔን ዓይነት ሰንጢ ይዞ ይዞራል።

«ሰንጢ በስጦታ አይሰጥም፣ ያጣላል»

ፈረንጆቹም ይሉታል። መፍትሔያቸው ተቀባዩ አንድ ሳንቲም መስጠቱ ነው፤ ተገዛ እንጂ ተሰጠ አይባልም። እኔ 1 ብር እቀበላለሁ። እስካሁን የተጣላኝ የለም።

«ቆዳ አፎት ውስጥ ካስቀመጥኩት አይበላሽም»

ቆዳ እርጥበት ይይዛል። የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። አፎት ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ሌላው፣ ሰብሳቢ ብቻ የሚያውቀው ጉድ፦ የድሮ ሴሉሎይድ (የጥንት ፕላስቲክ) እጀታ ያለው ሰንጢ ሲያረጅ የአሲድ ጋዝ ይተፋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶቹንም ያዝጋል። እንደ ዕብነ በረድ የሚያብረቀርቅ አሮጌ እጀታ ካላችሁ ለብቻው አኑሩት።

«ትንሽ ስለሆነ ያልፋል»

አያልፍም። አውሮፕላን ከሆነ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ አይሞከርም። ከተማ ውስጥም በየሕንፃው በር ፍተሻ አለ፣ የሚወስነው ፈታሹ እንጂ የስለቱ ርዝመት አይደለም። ልክ ናቸው ደግሞ። ኪስ ውስጥ የገባ ብረት ምን ሐሳብ እንዳለው በምን ያውቃሉ?

አንድ ሕንፃ በር ላይ «ይሄን እዚህ ተወው፣ ስትወጣ ትወስዳለህ» ተባልኩ። ጥቁር የቀንድ እጀታ፣ ሁለት ስለት፣ ደህና ቀጭ የሚል። ጉዳዬ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስወጣ ፈረቃ ተቀይሯል። አዲሱ ልጅ መሳቢያውን ጎትቶ አሳየኝ፦ ሁለት ላይተር፣ አንድ መቀስ፣ አንድ ጃንጥላ። «የትኛው ነው ያንተ?» አለኝ።

አሁን ጉዳይ ያለኝ ቀን ሰንጢው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ይውላል። ብርቱካኑን በጥርሴ እልጣለሁ።