«ሊንኩን ለእሱ ብቻ ነው የላክሁት»፦ ስለ ኦንላይን ፎልደር የሚባለውና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮና ስታዲየም ዙሪያ ባሉ ቢሮዎች ኮምፒውተር የሚያይ ባለሙያ ሰልችቶት የሚሰማው አንድ መልስ አለ። የጨረታ ሰነዱ፣ የደመወዝ መክፈያው ወይም የሠራተኛው መታወቂያ ስካን ከማይመለከተው ሰው እጅ ይገኛል። ከዚያ «ኧረ እኔ ሊንኩን ለእሱ ብቻ ነው የላክሁት!» ይባላል። ለማን እንደላካችሁት ማን ጠየቀ? ጥያቄው ፎልደሩ ማንን ያስገባል ነው።

ፋይል በኢንተርኔት በሚቀመጥበት በጉግል ድራይቭ ላይ ፎልደሩን መርጣችሁ «ሼር» ስትሉ ከታች «ጄነራል አክሰስ» የሚል ቦታ ይመጣል። እዚያ «ሪስትሪክትድ» ካለ የሚገባው ኢሜይሉ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሊንኩን ቢያገኝ እንኳ ፈቃድ ጠይቅ ይባላል። «ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ» ካለ ግን ድራይቭ ማንነት አይጠይቅም። ሊንኩ ረጅምና የተዘበራረቀ ስለሆነ በግምት አይገኝም፤ ይኼ እውነት ነው። ግን መገመት ማን አስፈለገው? እናንተ ለአንድ ኃላፊ በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ እሳቸው ለጸሐፊያቸው ፎርዋርድ ያደርጋሉ፣ ጸሐፊዋ ሥራው እንዲቀላጠፍ ብላ አርባ ሰው ያለበት የቢሮ ግሩፕ ላይ ትለጥፈዋለች። ማንም ክፉ አላሰበም። ሰነዱን በዚያ ሰዓት ማን ከፍቶ እንደሚያነብ ብታዩ ደግሞ የምታገኙት «አኖኒመስ» (ስሙ ያልታወቀ) የሚል ቃልና የአንድ እንስሳ ስም ነው።

ሰዉ «ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ» የሚለውን የሚመርጠው በስንፍና አይደለም። «አልከፈት አለኝ» ተብሎ ስለሚደወልለት ነው። አልከፈት የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ፎልደሩ የተፈቀደው ለመሥሪያ ቤት ኢሜይሉ ነው፣ ስልኩ ላይ የተከፈተው ግን የግል አካውንቱ ነው። መፍትሔው ፎልደሩን ለዓለም መክፈት ሳይሆን «ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ተጫን፣ የትኛው ኢሜይል ይታይሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወይ አካውንቱን ይቀይራል፣ ወይ የሚታየውን ኢሜይል እናንተ ትጨምሩለታላችሁ። ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶ ፎልደር ክፈቱ፣ ፈቃዱን አስተካክሉ፣ ፋይሉን ከዚያ በኋላ አስገቡ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ ፎልደር ውስጥ የገባ ፋይል የፎልደሩን ፈቃድ ይወርሳልና። አምና ለአቅራቢዎች በተከፈተ ፎልደር ውስጥ ዘንድሮ የፓስፖርት ስካን የሚጥል ሰው ፓስፖርቱን ለእነዚያው አቅራቢዎች ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ የግሉንና የሚጋሩትን አንድ ፎልደር ውስጥ አታቀላቅሉ። ሰው ስትጨምሩ «ቪወር»፣ ማለትም ማየት ብቻ የሚችል አድርጉት። «ኤዲተር» ካላችሁት ሰነድ መቀየርና ማስወጣት ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው መጋበዝም ይችላል፤ ይኼኛውን ለመከልከል ሼር መስኮቱ ላይ ያለችውን ባለ ጥርስ ክብ (የማስተካከያ ምልክት) ተጭናችሁ ኤዲተሮች ፈቃድ እንዲቀይሩ የሚለውን ምልክት ማንሳት አለባችሁ።

በመጨረሻም ሞክሩት። ሊንኩን ኮፒ አድርጉና በብራውዘሩ «ኢንኮግኒቶ» መስኮት፣ ማለትም አካውንታችሁ ባልገባበት መስኮት ክፈቱት። ኢሜይል ከጠየቃችሁ ተዘግቷል። ዝም ብሎ ከከፈተላችሁ ለማንም ክፍት ነው። ክፍት ሆኖ ከቆየ ወደ «ሪስትሪክትድ» መልሱት፤ የተበተነው ሊንክ ከዚያ ወዲያ ያልተመዘገበን ሰው አያስገባም። እስከዚያ ዳውንሎድ የተደረገውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ስለ ድራይቭ የሚባሉ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዳውንሎድ ማድረግ ከልክያለሁ»። ስክሪኑን በስልክ ካሜራ ማንሳትስ?

«ድራይቭ ላይ ካለ አይጠፋም»። ይጠፋል። ከላፕቶፑ ጋር የተገናኘ ፎልደር መስታወት ነው፤ እዚህ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል፣ ቫይረስ የቆለፈውም ተቆልፎ ይወጣል። የተሰረዘው ትራሽ (መጣያው) ውስጥ 30 ቀን ይቆይና ይሄዳል። ከዚህ የባሰው የሠራተኛ መልቀቅ ነው። በግል ጂሜይል አካውንት የተጋራ ፎልደር ውስጥ የሚገባ ፋይል ባለቤቱ ያስገባው ሰው ነው እንጂ ፎልደሩን የከፈተው አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሥራ ለቅቃ የራሷን ፋይሎች ብታጸዳ የሦስት ዓመት ቫውቸር አብሮ ይሄዳል፣ ያውም ያለ ምንም ተንኮል። ከመልቀቋ በፊት ባለቤትነቱን ለቢሮው ጂሜይል አካውንት ታዛውር፤ ተቀባዩም መቀበል እንዳለበት አትርሱ። በወር አንዴ ደግሞ ሁሉንም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ነቅላችሁ አስቀምጡት። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።

«ጉግል በነጻ የሰጠኝ 15 ጊጋባይት አለኝ»። ጂሜይሉም፣ ፎቶዎቹም፣ ትራሹም ከዚያው ላይ ነው የሚቆጠሩት። ሲሞላ ኢሜይል መግባት ያቆማል። ከተመሳሳይ አገልግሎቶች ድሮፕቦክስ በነጻ የሚሰጠው 2 ጊጋ፣ ዋንድራይቭ 5 ነው።

«ፓስወርዴ ጠንካራ ነው»። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ያሉ የፕሪንትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሳትዘጉ ከወጣችሁ የፓስወርዱ ጥንካሬ ምን ይሠራል? መመረቂያ ጽሑፍ ለማሳተም አካውንት አትክፈቱ፤ የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ለባለ ሱቁ በቴሌግራም ከላካችሁ ከታተመ በኋላ ከሁለታችሁም በኩል አጥፉት፣ ኮምፒውተሩ «ዳውንሎድስ» ውስጥ የቀረውንም እዚያው ቆማችሁ አስጠፉ። ከፍታችሁ ረስታችሁ ከሆነ በስልካችሁ የጉግል አካውንት፣ «ሴኪዩሪቲ»፣ «ዩር ዲቫይስስ» ግቡና የማታውቁትን ዕቃ ሁሉ አስወጡ። ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያ (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ካበራችሁ ጉግል ባለ 8 አኃዝ 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል፤ ወረቀት ላይ አትሙና ቤት አስቀምጡ። ታክሲ ውስጥ ስልክ ሲሰረቅ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድም አብሮ ነው የሚሄደው።

«ኢንክሪፕትድ (በቁልፍ የተመሰጠረ) ነው፣ ኩባንያውም አያየውም»። ኢንክሪፕትድ መሆኑ ልክ ነው፤ ቁልፉ ግን በተለመደው አካውንት ኩባንያው ጋ ነው። ከኩባንያውም የሚደበቅ ነገር ካለ ከመጫናችሁ በፊት ራሳችሁ ቆልፉት። ፋይል የሚያሽገውና የሚቆልፈው ፕሮግራም ሰቨን ዚፕ በነጻ ይሠራል፦ ፎርማቱን ሰቨን ዜድ፣ መቆለፊያውን ኤኢኤስ 256 አድርጉ፣ የፋይል ስሞችን ኢንክሪፕት አድርግ የሚለውንም ምረጡ። ይኼን ከዘለላችሁ ይዘቱ ተቆልፎ «የፍቺ ውል» የሚለው ስም ለሁሉም ይነበባል። ፓስወርዱን በስልክ ደውላችሁ ንገሩ እንጂ ሊንኩን በላካችሁበት ቻት አትጻፉት። ከጠፋባችሁ የሚከፍትላችሁ የለም።

«ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፣ ለምን አፕሎድ ይንቀራፈፋል?» ፍጥነት በሜጋቢት፣ ፋይል በሜጋባይት ነው የሚለካው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። የመላኪያው ፍጥነት 4 ሜጋቢት ከሆነ 1 ጊጋባይት ምንም ሳይቆራረጥ 33 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በብራውዘር እየጫናችሁ መብራት ከሄደ ያ ፋይል እንደ አዲስ ነው። ትልልቁን የኮምፒውተሩ ድራይቭ አፕ ይጫነው፤ መብራት ሲመጣ ራሱ ይቀጥላል።

«ድራይቭ ፋይሌን አበላሸው፣ አማርኛው ሁሉ ምልክት ሆነ»። ድራይቭ ምንም አላደረገም። ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው የፊደላት የጋራ ኮድ) በፊት በነበሩት የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነው። እነሱ ፊደሉን በላቲን ኮድ ላይ ደርበው ነበር የሚስሉት፣ ፎንቱ በሌለበት ሁሉ የታችኛው ኮድ ብቅ ይላል። የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላለ ደህና ይታያል፣ ስልክ ላይ ግን አይነበብም። ሰውየው የሚያነበው ብቻ ከሆነ እዚያው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ በወርድ ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ጫኑት፤ ፎንቱ አብሮ ይገባል። የሚያርመው ከሆነ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ከዚያም ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን በዓይን እዩ፤ ሲቀየር መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚያ ነው።